ጾም ብለሽ የጠራሽው

እማዬ፣ የማልጠግብሽ እናቴ ሆይ፣

ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ ነው። ያን ጊዜ ክረምት ነበር፤ አሁንም ክረምቱ ሊገባ ደጅ ላይ ቆሟል። የሶር ወንዝ ደፍርሷል፤ የጓሯችን መሬትም እግር መያዝ ጀምሯል። ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ቀድሞ ወረቀት ማባከን ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ለአንቺ ካልሆነ ለማንም ሙሉውን መንገር የማልችለው ወሬ አለኝ፤ ለሌላ ሰው ብነግረው ግማሹ ማስረዳት ይሆንብኛል። በሕይወት ሳለሽ ከሁሩሙ ከወንድምሽ ደብዳቤ ሲመጣ የማነብልሽ እኔ ነበርሁ። ይህንንም ጽፌ ስጨርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብልሻለሁ።

አስቀድሜ የቤቱን ነገር ልንገርሽ። አባባ የሣር ክዳኑን አስነሥቶ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሶታል። ዝናብ ሲመጣ አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠን እንኳ አንደማመጥም። አባባ በዚህ የተከፋ አይመስልም፤ ከጥንቱም ብዙ መናገር የማይወድ ሰው አሁን በቂ ምክንያት አግኝቷል። ከፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራው ሲመለስ መነጽሩን አውልቆ ያለሽበትን የቤተ ክርስቲያን አቅጣጫ ጥቂት ያያል፤ ከዚያ ወደ ቤት ይገባል። ስምሽን አይጠራም፤ የተቀመጥሽበትን በርጩማ ግን ማንም እንዲቀመጥበት አይፈቅድም። ላሟ ወልዳለች። ትንሿ እኅቴ ብርቅነሽ፣ የአንቺ ብርቄ፣ ጥጃዋን በአፋን ኦሮሞ ብቻ ነው የምታናግራት፤ ለምን እንደሆነ ማናችንም አናውቅም። እኛን ስታናግረን ሁለቱን ቋንቋ እንደ ወጉ ትቀላቅላለች።

የአባባ እኅት እትዬ አስካለም ከኡካ ጓዛቸውን ጠቅልለው መጥተው ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ይህን ስትሰሚ ምን ዓይነት ፊት እንደምታሳዪ አውቃለሁ። ቆይ፣ እስከ መጨረሻው ስሚኝ።

የምጽፍልሽ ስለ ብርቄ ነው፤ ስለ ስምሽም ነው። ሁለቱ የተሳሰሩት እሷ በተወለደች ሰሞን ነበርና ከዚያው ልጀምር።

እኔን ስትወልጂ አብሽ እንደ ውኃ ጠጥተሽ እንደነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን ሽታው እንኳ እንደማይስማማሽ ደጋግመሽ ነግረሽኛል። ብርቄን ስትወልጂ እትዬ አስካለ ሊያርሱሽ መጡ። ወተት እንዲወርድልሽ ብለው አብሹን ዘፍዝፈው፣ መትተው፣ በማር አጣፍጠው በዋንጫ አቀረቡልሽ። አንቺ እሳቸው ዞር ሲሉ በጓሮ በር አፈሰስሽው፤ እኔም ለአራስ ቤት ውኃ ስቀዳ አየሁሽ፤ ሳቅሽብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎን ነበር። ሕፃኗ ጡት መተው ስትጀምርና የላም ወተት ስትቀምስ ግን አንድ ሽታ መጣ። ከጨርቋ ይሸታል፤ ከራሷ ይሸታል፤ ከሁሉም ይልቅ ከጆሮዋ ይሸታል። የአብሽ ሽታ ነበር፤ ሌላ ስም አልነበረውም።

እትዬ አስካለ ሳቁ። ነገሩን መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር የያዙት፤ እምቢ ብላ በስውር ትጠጣለች እያሉ ለጎረቤት አወሩት። ጎረቤትም ሳቀ። አንቺ ግን አልሳቅሽም። ሽታው ከአንቺ እንዳልመጣ ታውቂ ነበርና ከየት እንደመጣ ትጠይቂ ጀመር። ልጅቷን አቅፈሽ ጆሮዋን እያሸተትሽ «ፎሊን ኩን ማሊ?» ትያት ነበር፤ ይህ ሽታ ምንድን ነው ማለትሽ ነው፤ በጣም ሲጨንቅሽ የምትናገሪው በእናትሽ ቋንቋ ነበር። እየጠየቅሽ ስትመላለሺ ቀልዱ ወደ ክርክር፣ ክርክሩም ወደ ቅያሜ ተለወጠ። አንድ ቀን እትዬ አስካለ በሰው ፊት «ሰው አብሽ ጠጣሁ ማለት ምን ያሳፍረዋል?» አሉሽ። አንቺም «አልጠጣሁም» አልሽ። ሌላ ቃል አልጨመርሽም። የዚያን ቀን ቤታችን ውስጥ ውሸታም የሚል ስም ወጣልሽ፤ ማንም በግልጽ አልተናገረውም፤ ግን ከዚያ በኋላ የምትናገሪው ሁሉ በዚያ ስም እየተመዘነ ነበር የሚሰማው።

የልጅ ቃሌ ከማይቆጠርልኝ ከእኔ በቀር ያመኑሽ ባለሱቁ ጋሼ ኑሩ ብቻ ናቸው። በኋላ እንደነገሩኝ፣ አራስ ያለበት ቤት ሆኖ አብሽ የማይገዛ እኛን ብቻ ስላዩ ገርሟቸው ነበር። እትዬ አስካለ አብሹን ከኡካ ይዘውት መምጣታቸውን ስለማያውቁ፣ ማስረጃቸው እንኳ የተሟላ አልነበረም። ቢሆንም ስላመኑሽ እወዳቸዋለሁ።

ብርቄ መራመድ ዘገየች፤ መናገርም ዘገየች። ከሁሉም የባሰው የበዓል ነገር ነበር። ሰው ሁሉ በሚደሰትበት ቀን ማግስት እሷ ትወድቃለች። መጀመሪያ ዐይኗ ይከብዳል፤ ከዚያ ጠጅ እንደጠጣ ሰው ትንገዳገዳለች፤ የበላችውን ትመልሳለች፤ ከዚያም ቀስቅሰናት የማትነቃበት እንቅልፍ ይወስዳታል። ሽታው በዚያን ጊዜ ክፍሉን ይሞላዋል። በበዓል ሰው ስለሚበዛ ዐይን ነው ተባለ። ጠበል ወሰድናት፤ ጤና ጣቢያም ወሰድናት። ድሬሰሩ የወባ መድኃኒት ሰጣት፤ የሚያውቀውን ነው ያደረገው። እሷም በጠበሉ ሰሞን ተሻላት፤ በመድኃኒቱም ሰሞን ተሻላት፤ ምክንያቱም ስትታመም ምግብ የምትለው ነገር ሁሉ ከአፏ ይቀር ነበር፤ አንቺም ውኃና ማር ብቻ ታጠጪያት ነበር።

ጾም ሲገባ የምትድነው ልጅ መሆኗን ያስተዋልሽው አንቺ ነሽ። ሁዳዴ ሲያዝ ጉንጯ ይቀላል፤ ትስቃለች፤ አዲስ ቃል ታወጣለች። ፋሲካ ሲመጣ ያወጣችውን ቃል ትጥላለች። ይህንን ደጋግመሽ ካየሽ በኋላ አንድ ነገር ቆረጥሽ፤ ብርቄን ዓመቱን ሙሉ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል አራቅሻት። ጎደሬ ትቀቅይላታለሽ፤ ስኳር ድንች ትጠብሽላታለሽ፤ ጎመን ትሰጫታለሽ፤ ማር አትከለክያትም። ሽሮ እንኳ ሲበዛባት እንደማይስማማት አይተሽ በማንኪያ ጫፍ ነበር የምታቀምሻት። ሰው ሲጠይቅሽ «ልጄ ጾም ላይ ናት» ትያለሽ። ለዚህ ዓይነት አመጋገብ በምናውቀው ቋንቋ ሁሉ ሌላ ስም አልነበረም።

ችግሩም ከስሙ መጣ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሳምንታት መጾም በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የተከለከለ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል። አንቺ ግን ትንሣኤ በተነገረበት ጠዋት ልጄ ጾም ላይ ናት አልሽ። በሌላ በኩል ደግሞ ጠዋት ሳትበላ ከቆየች ብርቄ እንደምትዝል ስላወቅሽ፣ በሁዳዴ ገና ከመኝታዋ ስትነሣ ጎደሬና ማር ታበያት ነበር፤ በስቅለት ቀን ሳይቀር። ሰፈሩ ተንጫጫ። በጾም ጠዋት የምትበላ፣ በፋሲካ የምትጾም ልጅ ምን ዓይነት እናት አላት ተባለ። እትዬ አስካለ ደግሞ ስለ አብሹ የዋሸች ስለዚህስ ምን ትላለች አሉ። የነፍስ አባታችን ጠርተው ገሠጹሽ፤ ንስሐም ሰጡሽ። አንቺ ደግሞ ምን አደረግሽ? አልተከራከርሽም። የተሰጠሽን ስግደት አንድ ሳታጎድዪ ሰገድሽ፤ ጉልበትሽ ተላጠ፤ በማግስቱ ተነሥተሽ ለብርቄ ጎደሬዋን ቀቀልሽ። በየዓመቱ እንዲሁ አደረግሽ። ንስሐውን ትቀበያለሽ፤ ሥራሽን ትቀጥያለሽ። ከዚህ የበለጠ እምነትም ጽናትም ያለው ሰው እስካሁን አላየሁም።

ከዚያ ያ የሳንባ ምች መጣና ወሰደሽ። እኔ አዲስ አበባ የላቦራቶሪ ሙያ ትምህርት ላይ ነበርሁ። ቴሌግራሙ እንደደረሰኝ ተነሣሁ፤ ግን የተሳፈርሁበት ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ከበደሌ ወዲህ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ አደረ፤ መቱ ስገባ አፈር ለብሰሽ ነበር። እትዬ አስካለ ብርቄን አቅፈው እያለቀሱ ጠበቁኝ። ልቅሷቸው የእውነት ነበር፤ ይህን ልነግርሽ ግድ ይለኛል። ለወንድማቸው ቤት የምትይዝለት ሴት እንደሌለች አይተው የራሳቸውን ቤት ዘግተው የመጡ ሰው ናቸው። ብርቄንም ወደዷት፤ ወድደውም አበሏት። እናት የሌላት ልጅ ትፋፋ ብለው ወተቱን፣ ቅቤውን፣ እንቁላሉን አቀረቡላት። እኔ ወደ ትምህርቴ ከተመለስሁ በኋላ ለመስቀል ታመመች። ለገና ደግሞ ወደቀች፤ አባባ በደብዳቤው እንደነገረኝ፣ ሞተች ብለው ጎረቤት ተጠርቶ ነበር። ተረፈች፤ ግን ታወጣቸው ከነበሩት ቃላት ብዙዎቹ አልተመለሱም። እትዬ አስካለም በሐዘን ለፋሲካ የሚታረድ በግ ተሳሉላት፤ ያ ፋሲካ ከደረሰና ያ በግ ከቀረበላት ምን እንደሚሆን አውቆ የሚከለክል ከአንቺ በቀር ሰው አልነበራትም። አንቺ ደግሞ አልነበርሽም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ከገና በኋላ ባለው ትምህርት የሚያስተምሩን ሐኪም ከውጭ አገር ከሚመጣ የሕክምና መጽሔት አንድ ጽሑፍ ይዘው ገቡ። በጣም ጥቂት ልጆችን ብቻ ስለሚይዝ አዲስ የታወቀ በሽታ ነበር የሚናገረው። ልጆቹ ደኅና ይወለዳሉ፤ ከዚያ ይዝላሉ፤ አእምሯቸው ማደጉን ያቆማል፤ ሽንታቸውና የጆሯቸው ኩክ አንድ ጣፋጭ ሽታ ይሸታል። ጽሑፉ ሽታውን በዚያ አገር ከአንድ ዛፍ እየተቀዳ ከሚፈላ ሽሮፕ ጋር ነበር ያመሳሰለው። ከክፍላችን አንዱ ዛፉ ምን እንደሚሸት ጠየቀ። ሐኪሙ እውነተኛ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም አሽትተውት እንደማያውቁ ነገሩን። እኔ ሳላስበው ቆምሁና «አብሽ ነው የሚሸተው» አልሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ምጥ ይዟታል አለ። ሐኪሙ ግን አልሳቁም፤ አብሽ የሚሸት ልጅ አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አቅፌ አድጌአለሁ አልኋቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያነበብሁትን በአጭሩ ላስረዳሽ፤ ያልተረጋገጠውን የተረጋገጠ አስመስዬ አልነግርሽም። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ጥራጥሬ በሰውነት ውስጥ ተፈጭተው ወደ ጥቃቅን ክፍሎች ይፈርሳሉ። ከእነዚህ ክፍሎች መካከል ሦስቱ እንዲያልቁ ሰውነት እየደጋገመ ይቆርጣቸዋል። ብርቄ መጀመሪያውን ቆረጣ ትችለዋለች፤ ለሁለተኛው የሚያስፈልገው ነገር ግን ስትፈጠር ጀምሮ አንሷታል። ስለዚህ በግማሽ የተቆረጠው አሲድ ሆኖ በደሟ ይከማቻል። ይህ አሲድ ተከማችቶ ዝም የሚል አይደለም፤ የደረሰበትን የሰውነት ሥራ ያውካል፤ ወደ አንጎልም ይደርሳል። አንጎልን የሚጎዳው ከአሲዶቹ የትኛው እንደሆነ፣ በምን መንገድ እንደሚጎዳም ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ። አሲዱ ሲበዛ ልጁ እንደሚወድቅ፣ ሲቀንስ እንደሚነሣ ግን አይከራከሩም። ሽታውም የሚመጣው ከዚያው ነው። ደግሞም ልጁ ለረጅም ሰዓት ሲራብ ወይም ሲያተኩሰው ሰውነቱ የገዛ ሥጋውን መፍጨት ይጀምራል፤ ያው አሲድ እንደገና ይነሣል። ይህችን መስመር ሳነብ መጽሔቱን ዘግቼ ከቤተ መጻሕፍቱ ወጣሁ። በስቅለት ጠዋት ለብርቄ ማር የሰጠሽበትን ምክንያት ነበር የሚናገረው።

ሐኪሙ በእርግጠኝነት ለማወቅ ምርመራ እንደሚያስፈልግ ነገሩኝ። ሽንት ላይ ሲንጠባጠብ ያንን አሲድ የሚያሳይ ፈሳሽ በጠርሙስ ቀድተው፣ በጥጥ ጠቅልለው ሰጡኝ። ፋሲካ ሳይደርስ ፈቃድ ወስጄ ተነሣሁ። ጠርሙሱን ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ፣ ከጅማም እስከ መቱ ጭኔ ላይ ይዤ ተጓዝሁ፤ ሾፌሩ የታቦት መሸፈኛ ይዛለች እያለ ሲያሾፍብኝ ነበር።

ቤት ስደርስ በጉ ጓሮ ታስሮ ብርቄ ጎመን ታበላው ነበር። አየችኝና ስሜን ጠራች። ከገና በኋላ ስሜን የረሳችው መስሎኝ ነበርና ደጁ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ አባባንና እትዬ አስካለን አስቀምጬ ሁሉን ነገርኋቸው። አባባ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። እትዬ አስካለ ግን የፈረንጅ ወሬ ነው አሉ፤ ሥጋ ሰው ያጠነክራል እንጂ የት አገር ነው ሥጋ መርዝ የሚሆነው አሉ። ስለዚህ ጠርሙሱን አወጣሁ። የራሴን ሽንት በአንድ ብርጭቆ፣ የብርቄን በሌላ አድርጌ ፈሳሹን አንጠባጠብሁ። የእኔው እንደጠራ ቀረ። የብርቄ ደፈረሰ፤ ከዚያም ቢጫ ዱቄት የመሰለ ነገር እያየነው ወደ ታች ዘቀጠ። እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው አዩት፤ አሸተቱት፤ ከዚያ ቀና ብለው፣ ሽታው ያው የአብሽ ነው፣ እኔም አብሽ ብጠጣ እንዲሁ ይዘቅጣል አሉ። እኔም ይጠጡና እንየው አልኋቸው።

እማዬ፣ ያንን ብታዪ ኖሮ! ሴትዮዋ ከጋሼ ኑሩ ሱቅ አብሽ አስገዙ፤ ዘፍዝፈው፣ መትተው፣ እንደ አራስ በትልቁ ዋንጫ ጠጡ። አባባ መነጽሩን አውልቆ «አስካለ፣ ማንን ወልደሽ ነው?» አላቸው። ከቀብርሽ ወዲህ ሲቀልድ ያን ቀን ገና ሰማሁት። በማግስቱ ጠዋት ብርጭቆአቸውን ራሳቸው ይዘው መጡ። በእርግጥም ይሸት ነበር፤ ልክ እንደ ብርቄ ይሸት ነበር፤ እሳቸውም አይታችኋል አይደል በሚል ፊት አዩን። ፈሳሹን አንጠባጠብሁ። ጠበቅን። ምንም አልዘቀጠም፤ እንደጠራ ቀረ። ሌላ ጠብታ ጨመርሁ፤ ያው ነበር።

እትዬ አስካለ ሁለቱን ብርጭቆዎች ብዙ ጊዜ ሲያዩ ቆዩ። ሽታው አንድ ነው፤ ነገሩ ግን አንድ አይደለም። ከዚያ ማንንም ሳያዩ «ለካ አልጠጣችም ነበር» አሉ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ጓዳ ገቡ። አልተከተልኋቸውም። ያንን ቃል የመስማት መብት ያለሽ አንቺ ነበርሽ፤ ስለዚህ እዚህ ላይ እንዳለ ጻፍሁልሽ፤ አልጨመርሁበትም፤ አልቀነስሁበትም።

የቀረው የነፍስ አባታችን ነበሩ። እትዬ አስካለ የተሳሉት በግ በሥርዓቱ ካልታረደና ልጅቷ ካልቀመሰችለት ስለቱ እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል ብለው ፈርተዋል፤ በበዓለ ሃምሳም ልጅቱ እንደገና ትጹም ማለት የድሮውን ጠብ መቀስቀስ ነው። ስለዚህ የነፍስ አባታችን በሁዳዴ መጨረሻ ቤት ሊባርኩ ሲመጡ ሁሉን ዘርዝሬ ነገርኋቸው። ሽማግሌው ብዙ ጠየቁኝ። መድኃኒት እንዳለው ጠየቁ፤ እስካሁን በሚያድን መልኩ የለውም፣ በውጭ አገር እንደ ዱቄት የሚሠራ ልዩ ምግብ መሞከር ጀምረዋል፣ እኛ ያለን ጎደሬና ማር ነው አልኋቸው። ከዚያ እናትሽ ይህን ለምን አልነገረችኝም አሉኝ። እኔም «ነግራዎታለች፤ ግን ጾም ብላ ነው የነገረችዎ» አልሁ።

መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ከዚያ «እንግዲያስ ጾም አይደለም፤ ቀለቧ ነው» አሉ።

በዚህች ቃል ነገሩ ሁሉ ተፈታ። ቀለብ ከሆነ በፋሲካም ይበላል፤ በሁዳዴ ጠዋትም ይበላል፤ ሥርዓት አይሻርም። በጉም ታርዶ ለድኾች ይሰጥ፣ ስለቱ በዚያ ይፈጸማል አሉ። ያቺን ቃል አንቺ ብታገኚያት ኖሮ ጉልበትሽ ባልተላጠ ነበር። ነገር ግን ቃሉን የሚያስገኘው እውቀት ያን ጊዜ በመቱም፣ በጎሬም፣ በአዲስ አበባም አልነበረም። የነፍስ አባታችን ሊወጡ ሲሉ ስለ ሰጡሽ ንስሐ ደጁ ላይ ጠየቅኋቸው። የተሰገደውን መልሰው ሊወስዱት እንደማይችሉ፣ ለሙት ዓመትሽ ግን ጸሎቱን ለሌላ ሳይሰጡ ራሳቸው እንደሚያደርሱ ነገሩኝ። መልሳቸው በቂ ነው ወይስ አይደለም ብዬ ብዙ አሰብሁ። ያንን መወሰን የአንቺ ነው ብዬ ተውሁት።

በፋሲካ ጠዋት እትዬ አስካለ ለብርቄ ብቻ በትንሿ ድስት ጎደሬ ቀቀሉ። መጠኑን እኔን ጠየቁኝ፤ እኔ ደግሞ በመዳፍሽ ስትለኪ ካየሁት አስታውሼ ነገርኋቸው። ዶሮ ወጡ ወጥቶ ቤተሰቡ ሲቀርብ እሳቸው ወደ እኛ አልመጡም። ከብርቄ ጋር መደቡ ላይ ተቀምጠው ከእሷ ሳህን ጎደሬ በማር እያጠቀሱ በሉ፤ ሁለት ወር የጾሙ ሴት ናቸው። ብቻዋን ስትበላ እንዳይከፋት ነው አሉ እንጂ ሌላ ምክንያት አልሰጡም። ሰኞ ነጋ፤ ማክሰኞም ነጋ። ብርቄ አልተንገዳገደችም። ጆሮዋን አሸተትሁት፤ የሕፃን ራስ ብቻ ሸተተኝ። በሳምንቱ ከጥጃዋ ጋር እስከ በሩ እየሮጠች ነበር።

ከዚህ በላይ ጥሩ ወሬ ቢኖረኝ በወደድሁ። ግን ለአንቺ ማስመሰል አልችልም። የጎደለው አይመለስም፤ ጽሑፎቹ በዚህ ላይ ግልጽ ናቸው። ብርቄ ፊደል ቆጥራ ዳዊት ስትደግም ለማየት ትመኚ ነበር፤ ያ የሚሆን አይመስለኝም። ለምን ያህል ዘመን አብራን እንደምትቆይም የሚያውቅ የለም፤ ብርቱ ትኩሳት ሲመጣባት እንደገና ልንፈራ ነው። የሚሆነውን ደግሞ ልንገርሽ። ከቡና ዛፍ ቀይ ቀዩን ብቻ መርጣ ትለቅማለች፤ አረንጓዴውን አትነካም። ትዘፍናለች። ሲነኳት ትቆጣለች፤ ስትቆጣ አንቺን ትመስላለች። ከመኝታዋ ስትነሣ «እማስ?» ትላለች፤ እኛም እግዜር ቤት ናት እንላታለን፤ እሷም ነገ ትመጣለች ትላለች፤ አናርማትም።

ሐኪሙ ምርመራውን ሰምተው ስለ ብርቄ ለባልንጀሮቻቸው ሊጽፉ አሰቡ። ረቂቁን አሳዩኝ። ልጅቱ በአጋጣሚ በአገሬው የጾም ልማድ እንደተረፈች ይል ነበር። በአጋጣሚ የሚለውን ቃል እንዲያወጡት ጠየቅኋቸው። በአጋጣሚ አልነበረም፤ እናቷ አይታ፣ አመዛዝና፣ እየተሰደበች ያደረገችው ነው አልሁ። ጥቂት ተከራከርን። በመጨረሻ አወጡት።

ትምህርቴን ስጨርስ የት መመደብ እንደምፈልግ ስጠየቅ መቱ አልሁ። ጓደኞቼ ከዋና ከተማ ወደዚያ ዝናብ ማን ይሄዳል ብለው ሳቁብኝ። ከመስከረም ጀምሮ እዚሁ ጤና ጣቢያ ልሠራ ነው። ከሁሩሙ፣ ከኖፓ፣ ከኡካ ሕፃን አቅፈው የሚመጡ እናቶች በእኔ እጅ ያልፋሉ። አብዛኞቹ አብሽ የጠጡ ይሆናሉ፤ ልጆቻቸውም አብሽ ይሸታሉ፤ ምንም አይሆኑም። እኔ ግን የእያንዳንዱን ሕፃን ጆሮ አሸትታለሁ፤ እያንዳንዷንም አራስ አብሽ ጠጥተሻል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። አንቺን የማስብሽ እንዲህ ነው፤ በተዝካርሽ ቀን ብቻ ሳይሆን በሥራዬ ቀን ሁሉ።

አንዷ ደግሞ አንድ ቀን አልጠጣሁም ትለኛለች። እኔም አምናታለሁ።

ልጅሽ ጽጌ